በጉም ውስጥ የሚያበራው መንገድ

ተረት ተረት ስላችሁ ጆሯችሁን ስጡኝ። ምድሩ ሁሉ ጉም በነበረበት ዘመን፣ አንዲት ቀንድ አውጣ ከዱባ ቅጠል ሥር ትኖር ነበር። ወደፊት እንጂ ወደኋላ አይታ አታውቅም።

አንድ ጠዋት ቅጠሉን የተመኘች እንቁራሪት ዘላ መጣችና፣ «እንቆቅልሽ!» አለቻት።

«ምን አውቅልሽ!»

«በሣር ላይ እንደ ብር የሚያበራ መንገድ ትዘረጋለች፤ መንገዷን ግን አይታው አታውቅም። ማናት?»

ቀንድ አውጣ አሰበች፣ አሰበች፤ አልመጣላትም።

«እንቆቅልሽ ያቃተው አገር ይሰጣል። እኔ ይህ ቅጠል ይበቃኛል» አለች እንቁራሪት።

«እባክሽ ጉሙ እስኪገፈፍ ታገሺኝ፤ ፈልጌያት ልምጣ።»

ወጣች። ከሣሩ መሃል አንድ መንገድ ቦግ ብሎ ሲያበራ አየችና ተከተለችው። መንገዱ ትናንት የቀመሰችውን ጎመን ዞረ። እሷ ከፀሐይ በተጠለለችበት ድንጋይ ሥር አለፈ። ወፍ አይታ የደነገጠችበት ቦታ ሲደርስ እሱም ተጣመመ።

«ይቺ ባለመንገድ የኔን ርሃብና የኔን ፍርሃት ከማን ሰማች?» አለች።

መንገዱ ዞሮ ዞሮ ከዱባው ቅጠል ሥር ገባ። ውስጡ ማንም የለም። ያን ጊዜ ቀንድ አውጣ አንገቷን ቀስ አድርጋ ወደኋላ አዞረች። ከጅራቷ ሥር፣ ገና ያልደረቀ ብርሃን ይወጣል።

ጉሙ ተገፈፈ። «በይ እንጂ፣ አገር ስጪኝ!» አለች እንቁራሪት።

«አልሰጥሽም» አለች ቀንድ አውጣ። «ባለመንገዷ እኔው ነኝ፤ ለካ ቅጠሉም ባለቤት አለው።»

ተረቴን መልሱልኝ፤ ቅጠሉን ግን እንዳትነኩ።