ሦስት ዋጋ የወጣለት ቀሚስ

አንዲት እናት አንድ ቀሚስ ነበራት። ቀሚሱ ሰማያዊ ነው፤ እጅጌው እስከ ክርን፣ ርዝመቱ ከጉልበት በታች ይወርዳል። ደረቱ ላይ እጥፋት የሚመስል፣ ከሥሩ ዚፕ ያለው መስመር አለው። መስመሩ ሲከፈት ሕፃን ይጠባበታል፣ ሲዘጋ ደግሞ መክፈቻ መኖሩን ማንም አያውቅም። በጉባኤ መካከል ልጇ ባለቀሰች ቁጥር ተነሥታ መውጣት ቢሰለቻት ራሷ ናት የሰፋችው።

ቀሚሱን ያየች እናት ሁሉ «ለእኔም» አለች። ወሬው ሐዋሳ ገበያ ውስጥ ሱቅ ካለው አንድ ነጋዴ ጆሮ ደረሰ። ነጋዴው መቶ ቀሚስ እንደሚወስድ ነገራት፤ ነገር ግን እስከ ቅዳሜ ቁርጥ ያለ ዋጋ ይፈልጋል። ከተናገረች በኋላ አንድ ብር መጨመር የለም። ካልሆነላት ቦታውን ለሌላ ዕቃ ይሰጠዋል።

እናቲቱ ትርንጎ ትባላለች፤ ቤቷ ያለችው አንዲት አሮጌ የስፌት መኪና መቶ ቀሚስ አትሰፋም። ስለዚህ ቀሚሷን አጣጥፋ በፌስታል ያዘችና ልብስ ወደሚያመርቱ ሦስት ስፌት ቤቶች ሄደች። ሦስቱንም የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ነው፦ እንደዚህ ያለ መቶ ብትሰፉልኝ አንዱ ስንት ይወጣል?

እነሱም መልሰው ጠየቋት። ወይዘሮ ኑሪያ ጨርቁ ምን ዓይነት እንዲሆን እንደምትፈልግ ጠየቋት። ምንተስኖት የሚባለው ወጣት ስለ ገበሩ አነሣ። አቶ ዱካሞ ከሁሉም ብዙ ጠየቁ፦ ስንት ዓይነት ልክ? መዝጊያው ምን ይሁን? ጨርቁ ኋላ እንዳያጥር ከመቆረጡ በፊት ይታጠብ ወይስ አይታጠብ?

ትርንጎ ለሁሉም መልሷ አንድ ነበር። ለትልልቆቹ «እርስዎ ያውቃሉ»፣ ለወጣቱ «አንተ ታውቃለህ»።

ጨዋ መልስ አይደለም ወይ? እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ባለሙያ ፊት ቆሞ ይህ ይሁን፣ ያ ይቅር ማለት ድፍረት አይመስልም?

ወይዘሮ ኑሪያ አራት መቶ ሰማንያ ብር አሏት። ምንተስኖት ስድስት መቶ ሃምሳ። አቶ ዱካሞ አንድ ሺህ አንድ መቶ።

አንድ ቀሚስ፣ ሦስት ዋጋ!

ጎረቤቷ ነገሩን ስትሰማ ወዲያው ፈረደች፦ ሁለቱ ሌቦች ናቸው፣ ኑሪያን ያዥ። ትርንጎም በአራት መቶ ሰማንያው ላይ ትርፏን አስባ ለነጋዴው ልትደውል ስልኳን አነሣች።

አነሣችና ቆም አለች። አንድ ነገር አልገባትም። ሦስቱም ጨርቅ የሚገዙት ከአንድ ገበያ ነው። ሌባ ቢሆን ኖሮ ከጎረቤቱ ዋጋ በጥቂቱ ነበር የሚበልጠው፤ ከእጥፍ በላይ ጠርቶ ማን ሊገዛው? ታዲያ ምን ይሆን? ስልኩን አስቀመጠችው።

በማግስቱ አቶ ዱካሞ ዘንድ ተመለሰች። ልትከራከር የመጣች መስሏቸው ዋጋው ብዙ ስለሆነ ክርክሩም ስለሚረዝም ወንበር ይምጣላት ወይ ብለው ቀለዱባት። እሷ ግን ለዋጋ አልመጣችም።

«የየትኛውን ቀሚስ ዋጋ ነው የነገሩኝ?» አለቻቸው።

አቶ ዱካሞ ሳቁ። ከዚያ የምሯን መሆኑን አዩ።

«አንቺ ያልነገርሽኝን ቀሚስ ነዋ» አሏት። «መዝጊያውን ጠየቅኩሽ፣ እርስዎ ያውቃሉ አልሽ። ልኩን ጠየቅኩሽ፣ እርስዎ ያውቃሉ። እህቴ፣ እኔ አላውቅም። ያላወቅኩትን ደግሞ በነፃ አልሰፋም። ሊመጣ የሚችለውን ሁሉ ዋጋው ውስጥ ከተትኩት።»

ትርንጎ ያንኑ ጥያቄ ይዛ ወደ ሁለቱም ሄደች። ወይዘሮ ኑሪያ ያሰቡት ስስ ፖሊስተር ነው፤ ገበር የለው፣ ልኩም አንድ። «እርስዎ ያውቃሉ» የሚላቸው ደንበኛ ሁሉ የሚፈልገው ርካሹን ነዋ። ምንተስኖት ደግሞ ወፈር ያለ ጨርቅና ሙሉ ገበር አስቦ ነበር። አንዳቸውም አልዋሹም። ሦስቱ ዋጋዎች የሦስት ቀሚሶች ዋጋ ነበሩ። ከሦስቱ አንዱም የትርንጎ ቀሚስ አልነበረም።

የእሷስ የትኛው ነው?

ቤቷ ገብታ ቀሚሱን ገለበጠችው። ከሰፋችው ጀምሮ በውስጥ በኩል አስተውላው አታውቅም። ስፌቱን በጣቷ ተከተለች፤ ጣቷ የደረቱ ዚፕ ላይ ሲደርስ ቆረቆራት። የተኛች ልጇን ጉንጭ አየች። ቀጭን ቀይ መስመር አለ። ሁልጊዜ ሙቀት ነው ትል ነበር። ዚፑን ቀስ አድርጋ ከጉንጯ አጠገብ ያዘችው። መስመሩና ዚፑ እኩል ናቸው።

ያን ጊዜ ገባት። «እርስዎ ያውቃሉ» ስትል ሰዎቹን ያከበረች መስሏት ነበር። ለካ አለማወቋን የሸፈነችበት ነጠላ ኖሯል።

ዚፑን ፈትታ በጠፍጣፋ ቁልፍ ቀየረችው። ጨርቁ ጥጥ፣ ገበሩ ደረቱ ላይ ብቻ፣ ልኩ ሦስት ዓይነት፣ ጨርቁም ታጥቦ የሚቆረጥ እንዲሆን ወሰነች። ለሦስቱም ስፌት ቤቶች አንድም ቃል ሳትለውጥ ይህንኑ ነገረቻቸው። ወይዘሮ ኑሪያ «ዛሬስ አዋቂዋ አንቺ ሆነሻላ» ብለው አሾፉባት።

ዋጋው ምን ሆነ? ቆዩ፣ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን እኔ ልጠይቃችሁ።

ወገኖቼ፣ ተንበርክካችሁ «ጌታ ሆይ፣ አንተ ታውቃለህ» ብላችሁ ስንት ጊዜ ተነሣችሁ? ያውቃል እንጂ! እሱ ባያውቅ ማን ሊያውቅ? ጥያቄው ስለ እሱ አይደለም። እናንተ ታውቁታላችሁ ወይ? የለመናችሁት ነገር ዛሬ ደጃችሁ ቢቆም ትለዩታላችሁ?

አባት ልጁን «ሰው ሁን» ይለዋል። ልጁ ሰው ማለት ገንዘብ ያለው ነው ብሎ ይወጣል። አባቱ ያሰበው እውነተኛ እንዲሆን ነበር። ነግሮታል? ባል ሚስቱን «ደስ እንዲልሽ እፈልጋለሁ» ይላታል። ደስታዋ ምን እንደሆነ ጠይቋት ያውቃል? ከዚያ ያሰብነውን የማይመስል ነገር ሲመጣ ሰውን ሌባ እንላለን፤ አንዳንዴም አምላክን እናማለን።

«አንተ ታውቃለህ» የእምነት ቃል ነው። ሊሆን የሚችለው ግን የራሱን ልብ ገልብጦ ላየ ሰው ነው። ሳያይ የሚለው እምነት አይደለም፤ ስንፍና ነው። እንግዲህ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ልመናችሁን ገልብጡት። ስፌቱን በጣታችሁ ተከተሉ። የሚቆረቁረው ጋ ስትደርሱ አትለፉት፤ ምናልባት የማንን ጉንጭ ሲፍቅ እንደኖረ ታዩ ይሆናል። ያየነውን ነግረን፣ ያላየነውን ደግሞ ያኔ በእውነት «አንተ ታውቃለህ» እንበለው።

አሁን ዋጋው። ወይዘሮ ኑሪያ ሰባት መቶ አሥር አሉ፤ ትርንጎ በአራት መቶ ሰማንያው አስባ ለነጋዴው ቃል ገብታ ቢሆን ኖሮ መቶውን ቀሚስ በኪሳራ ነበር የምታስረክበው። ምንተስኖት ሰባት መቶ ሃያ አለ። አቶ ዱካሞ ሰባት መቶ አርባ። ቅዳሜ ጠዋት ነጋዴው ዋጋዋን ተቀበለ።

በመጀመሪያው ጊዜ በትንሹና በትልቁ ዋጋ መካከል የነበረው ልዩነት ስድስት መቶ ሃያ ብር ነበር። በሁለተኛው ሠላሳ ብር ሆነ።