ከቀበሮ የበለጠው ሥዕል

ተረት ተረት፤ የሰማ ይጠጋ፣ ያልሰማም ይምጣ።

አንድ ምንጭ ብቻ በቀረበት በጋ፣ እንስሳት የውሃ አለቃ ሊመርጡ ተቀጣጠሩ። ልማዳቸው በሚመርጡት ፊት መሰለፍ ነበር። ትንሹ ቀበሮ አለቃ መሆን ቢመኝም ዞር ብሎ የሚያየው አልነበረም።

«እመት ጦጢት፣ ከምንጩ በላይ ባለው ገደል ላይ ሳዪኝ» አላት።

«በልክህ ልሳልህ?»

«በልኬማ ሁልጊዜ ያዩኝ የለ? መች ከቁም ነገር ቆጠሩኝ!»

ጦጢት በቀይ አፈርና በከሰል ሳለችው። ደረቱ እንደ ኮረብታ ሰፋ፤ ፀሐይ ስትወጣ ዓይኖቹ ቦግ አሉ። ውሃ ሊጠጡ የመጡ እንስሳት ቀና ብለው ሲያዩት ጥማቸውን ረሱ።

«ወይ ግርማ!» አለች አህያ። «እሱ እያለልን ምንጩ አይደርቅም።»

በምርጫው ቀን ቀበሮ ደረቱን ነፍቶ ቆመ። በፊቱ አንድም እንስሳ አልተሰለፈም። ሁሉም በሥዕሉ ፊት ተሰልፈው ነበር።

«እኔ ነኝ እኮ! የተሳልኩት እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ።

አህያ ከላይ እስከ ታች አየችው። «አንተ ትንሽ፣ ዞር በል፤ አለቃችንን ጋረድክብን!»

ጉሮሮው ደርቆ ወደ ምንጩ ሲጠጋም፣ «አለቃው ሳይፈቅድ?» ብለው መለሱት።

ቀበሮ ቀና ብሎ አየ። እውነትም ያ ፊት ያስፈራል፤ ደግሞም ያምራል። ጭራውን ቆልፎ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመና፣ ሥዕሉ «ጠጡ» እስኪላቸው ከሁሉም ጋር መጠበቅ ጀመረ።

ተረቴን እዚህ አኖርኩት፤ የወደደ ያንሳው።