ፈርቲግ ሰፈር

«ይመር፣ ቃሉን በልልኝና ልሂድ! ሰዉን ፀሐይ በላው እኮ!»

ይህን ያለው የአሮጌዋ ፊያት አውቶቡስ ባለቤትና ሹፌር ጋሽ ተካልኝ ነው ይባላል፤ ሞተሩን አስነስቶ፣ አንድ እግሩን መሬት አንዱን ጋቢና ውስጥ አድርጎ። ዛሬ ደሴ ውስጥ ፈርቲግ ሰፈር የሚሉት የጋራዦች መንደር ልማዱን ያገኘው ከዚያች ጠዋት ነው፤ እዚያ ሰፈር መካኒክ የጠገነውን መኪና ራሱ ተሳፍሮ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት ሳይወርድ «ፈርቲግ» አይልም።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት ጋራዡን የከፈተው ሙሴ ሃይነር የሚባል ጀርመናዊ ነበር። ሥራ በጨረሰ ቁጥር እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ፈርቲግ!» ይላል፤ አለቀ ማለቱ ነው። አመሻሽ ላይ ወንበሩ ላይ ዘፍ ሲልም «ፈርቲግ» ይላል፤ ደከመኝ ማለቱ ነው። ረዳቱ ይመር ግራ ቢገባው ሙሴ ሳቀና የቃሉን ሥር ነገረው፦ በድሮ ጀርመኖች አፍ ለመንገድ የተሰናዳ ማለት ነበር፣ ስንቁን የቋጠረ፣ ጫማውን ያሰረ።

ሙሴ አገሩ ሲገባ ጋራዡ ለይመር ቀረ፤ ቃሉም አብሮ ቀረ። እንደሚነገረው መንገደኛው ቃሉን ካልሰማ አይሳፈርም ነበር።

ያን ጠዋት ግን የፍሬኑ ጎሚኒ፣ ዘይቱን የሚይዘው ላስቲክ፣ ተበልቷል። አዲሱ ከአሥመራ እስኪመጣ ሦስት ቀን ነው፤ ይመር አሮጌውን አጥቦ መልሶታል። ይቆማል፣ ይቀመጣል፣ መፍቻ ያነሳል፣ ይጥላል።

«አንተ ካላልክ የሚል ሞልቷል» አለ ጋሽ ተካልኝ። «ጋራዥህን ዝንብ ይወርሰዋል።»

«ፈርቲግ» አለ ይመር። ድምፁ ለራሱም ባዕድ ሆነበት።

ሰዉ እየተጋፋ አውቶቡሷ ላይ ወጣ። አንዲት እርጉዝ ሴት «ይመር ካለ አለ ነው» እያለች ወገቧን ይዛ ስትሳፈር አያት። ያኔ ይመር ዞሮ ጋቢና ገባና ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠ።

«ወዴት ነው ደሞ?» አለ መሪውን የጨበጠው ጋሽ ተካልኝ።

«ኮምቦልቻ። ቃሉ የመንገደኛ ነው ጋሼ፣ እኔ ደግሞ ዋሽቻለሁ። ሰዉ ይውረድና መጀመሪያ ሁለታችን ባዶዋን እናውርዳት። በሰላም ከተመለስን ደግሜ እለዋለሁ።»

ጋሽ ተካልኝ ቁልቁለቱን አየ። ፍሬኑን ረገጠ፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ሞተሩን አጠፋ፣ ወረደ፣ የጋቢናውን በር ዘጋው። «ውረዱ» አለ ለሰዉ፣ «ጎሚኒው ከአሥመራ እስኪመጣ አንሄድም።»