ከሁለት ስብርባሪ የተሠራች መኪና

አንድ መኪና ሠሪ ነበረ። እጁ የተባረከ ነው ይሉት ነበር። ገደል ገብተው የተጨማደዱትን፣ ባለቤቶቻቸው ተስፋ ቆርጠው የጣሏቸውን መኪኖች እየገዛ የአንዱን ፊት ከሌላው ኋላ በብየዳ ያጋጥማል፤ መጋጠሚያውን በስቱኮ ለስኖ ይሸፍናል፤ ቀለም ይቀባል። ገዢ ሲመጣ አይዋሽም። ዝም ብቻ ይላል።

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ያለችው አንዲት ልጅ ናት፤ ይመኙሻል ትባላለች። ከበረሃው ማዶ፣ ቆላ አገር ተድራ ከሄደች ስድስት ዓመት አልፏል። ሁለት ልጆች ወልዳለች፤ አንዳቸውንም አላያቸውም። ድምፃቸውን በስልክ ይሰማል፤ ከተዘጋም በኋላ ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ ይቆያል። ሥራ ሲፈታ ከብረት ቁራጭ ትንንሽ ወንበር ይሠራላቸዋል። ቁመታቸውን ስለማያውቅ አንዴ ያሳጥረዋል፣ አንዴ ያስረዝመዋል።

ፋሲካ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ይመኙሻል ደወለች።

«አባዬ፣ ልንመጣልህ ነው። ልጆቹን ይዤ መናኸሪያ ነኝ፤ ተሳፍረናል።»

አባቷ ከደስታው ብዛት ብድግ አለ። «በምን ትመጣላችሁ?»

«በሚኒባስ። ሾፌሩ ያውቅሃል፤ መኪናዋን የገዛት ካንተ ነው አለኝ። እጅህን ሲያመሰግን ብትሰማው።»

ሰውየው ለዚያ መስመር የሸጣት ሚኒባስ አንዲት ብቻ ናት። ያቺን መኪና ያውቃታል። ከወለሏ ሥር፣ ሁለቱ ግማሾች የተጋጠሙበትን ብየዳ በመዶሻ ሲመታው የሰጠው ድምፅ ያን ጊዜም አላማረውም ነበር። የበረሃውንም ቁልቁለት ያውቀዋል።

«ይመኙሻል፣ ልጆቹን ይዘሽ ውረጂ» አላት።

«ለምን?»

ነገራት።

የሕፃናቱ ሳቅ በስልኩ ይሰማል። «አባዬ፣ እኛስ እንወርዳለን» አለች ይመኙሻል። «አጠገቤ አንዲት እናት አሉ። እሳቸውም ልጃቸውን ሊያዩ ነው የሚሄዱት። ለእሳቸው ማን ይደውልላቸው?»

ሰውየው፣ «ስልኩን ለሾፌሩ ስጪው፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጊው» አለ። ሲሸጥ ያልተናገረውን በተሳፋሪው ሁሉ ፊት አንድ ሳያስቀር ተናገረ።

«ጋሼ» አለ ሾፌሩ፣ «በዚች መኪና የስንት ሰው ነፍስ ይዤ ተመላልሻለሁ።» ሞተሩን አጠፋ።

ሰዉ ወረደ። በዓሉ ስለደረሰ ሌላ መኪና አልተገኘም፤ ይመኙሻል ልጆቿን ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች። አባትየው ጾሙን ብቻውን ፈታ። ከበዓሉ በኋላ ለሾፌሩ ገንዘቡን መልሶ ያቺን መኪና አስጎትቶ አመጣትና በገዛ እጁ ከወገቧ ላይ ቆርጦ ለያያት። በግቢው ለሽያጭ የቆሙትንም እንዲሁ አደረጋቸው። ሲጨርስ ደጁ ላይ ቆሞ የቆላውን መንገድ እያየ አመሸ።

ልጄ፣ ይህን ታሪክ የነገርኩህ፣ አንተም የመኪናህን ጉድለት ሳትናገር ሸጠህ፣ «ገዢው ካልጠየቀኝ ምን አናገረኝ» ብለህ ምክር ልትጠይቀኝ ስለመጣህ ነው። ያ ሰው አልዋሸም፤ አንተም አልዋሸህም። ነገር ግን በሸጥከው መኪና የሚሳፈር ሁሉ፣ ደጅ ቆሞ መንገድ መንገድ የሚያይለት ሰው አለው። መኪና ሠሪው ይህን ያወቀው የሚናፍቃት የራሱ ልጅ ስትሳፈር ነው። አንተ የራስህ ሰው እስኪሳፈር አትጠብቅ። ተነሥና ለገዛህ ሰው ንገረው።