በወረቀት ያልተወለደችው ተስኒም

ኑ ተጠጉ። ተረት ነው፤ የሚያዛጋ ወደ ኋላ፣ የሚሰማ ወደ ፊት።

አንዲት ሴት ነበረች፤ ስሟ ኢክላስ። ከሱዳን ጦርነት ሸሽታ፣ እርጉዝ ሆና፣ በእግሯ ድንበር ተሻገረች። እኛ ዘንድ በደረሰች ማግስት ከሰሊጥ እርሻ ዳር፣ ከሮቃ ዛፍ ሥር ሴት ልጅ ተገላገለች። ተስኒም አለቻት። ታዲያ ረሃቡና ድንጋጤው የእናትየውን ጡት አደረቀው። ልጅቷ ታለቅሳለች። የስደተኞች ካምፑ መጋዘን ደግሞ የሕፃን ወተት በቆርቆሮ ተከምሮበታል፤ ግን የሚሰጠው ስሙ ካርድ ላይ ለተጻፈ ብቻ ነው።

የኢክላስ ምኞት እንግዲህ ይህችው ናት፤ በካርዷ ላይ አንዲት መስመር። አገር ስጡኝ አላለችም፤ አንዲት መስመር።

ከካምፑ ግቢ በር ውጭ ድንኳን ጥሎ ወደተቀመጠው መዝጋቢ ሄደች።

“ጌታዬ፣ የልጄን ስም መዝግቡልኝ።”

“የልደት ወረቀት ካላመጣሽ አልመዘግብም” አለ፣ ቀና እንኳ ሳይል። እስክሪብቶው እጁ ላይ ነው፣ ካርዱ ፊቱ ነው፣ ልጅቷ ጆሮው ሥር ትጮሃለች። እሱ ግን የሚያምነው ወረቀት ነው።

ወደ ጤና ጣቢያዋ ነርስ ሄደች።

“ሲስተር፣ የልደት ወረቀት ስጪኝ። መዝጋቢው አልመዘግብ አለ፣ ተስኒምም ወተት አጣች።”

“እኔ አዋለድኳት እንዴ እህቴ? ዛፍ ሥር ለተወለደች ዛፉ ይፈርምላት! ከተወለደችበት ቀበሌ ደብዳቤ ካላመጣሽ አልሰጥም።”

ወደ ቀበሌው ሊቀመንበር ሄደች።

“ጌታዬ፣ ደብዳቤ ጻፉልኝ። ነርሷ አልሰጥ አለች፣ መዝጋቢው አልመዘግብ አለ፣ ተስኒምም ወተት አጣች።”

ልጅቷ ከተወለደች በኋላ ድንበር ላይ የተሰጣትን ብጣሽ ወረቀት ሊቀመንበሩ ተቀበላት። እዚያ ያለው ሠራተኛ የልጅቷን የትውልድ ቀን የጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ይኼ ደግሞ መነጽሩን አፍንጫው ላይ ከፍ ዝቅ አድርጎ አነበበ።

“ሁለት ሺህ ሃያ አራት ይላል። ዘንድሮ ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ነው።” በጣቱ ቆጠረ። “ሴትዮ፣ ይህች ልጅ እኮ ልትወለድ ገና ስምንት ዓመት ይቀራታል!”

“ይቻት፣ ጌታዬ!” ከጀርባዋ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አስተኛችለት። ያልተወለደችው ልጅ መዝገቡ ላይ ሸናችበት። እሰየው!

“አየኋት፣ አየኋት፣ አንሻት!” አለ መዝገቡን እያራገፈ። “ግን እኔ የምጽፈው በወረቀቱ ነው። ያልተወለደች ተወልዳለች ብዬ ልታሰርልሽ? ቀኑ ወደ እኛ አቆጣጠር ይመለስና የካምፑ ኃላፊ ይፈርምበት። ያለዚያ አልጽፍም።”

ኃላፊው በመኪና ሲወጣ ጠብቃ መንገዱ ላይ ቆመችበት። መስታወቱን በጣት ስፋት ዝቅ አደረገ።

“ጌታዬ፣ ይፈርሙልኝ። ሊቀመንበሩ አልጽፍ አለ፣ ነርሷ አልሰጥ አለች፣ መዝጋቢው አልመዘግብ አለ፣ ተስኒምም ወተት አጣች።”

“ልጅቷን በዓይኔ ሳላይ አልፈርምም።”

“ይቻት!”

“ቢሮዬ ነው የማያት። መንገድ ቢሮ ነው?” መስታወቱ ተዘጋ። አቧራው ለእናትና ልጅ ቀረላቸው።

የኃላፊው ቢሮ ግቢው ውስጥ ነውና ወደ ግቢው በር ሄደች። በሩን የሚጠብቀው ደርበው ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ዱላና ደንብ አንድ ላይ የሰጡት ሰው ነው እንጂ።

“ወንድሜ፣ ክፈትልኝ። ኃላፊው አልፈርም አለ፣ ሊቀመንበሩ አልጽፍ አለ፣ ነርሷ አልሰጥ አለች፣ መዝጋቢው አልመዘግብ አለ፣ ተስኒምም ወተት አጣች።”

“አንቺ ካርድ አለሽ፣ ግቢ። ልጅቷ ካርድ ላይ የለችም፣ ትቅር።”

“የት ልተዋት?”

“እሱን እኔ አላውቅም።”

“ስሟ ካርድ ላይ እንዲጻፍ እኮ ነው የምገባው!”

“ሲጻፍ ትገባለቻ።”

በሩ ላይ ተራ የሚጠብቀው ሰልፈኛ ሳቀ። ኢክላስ ግን አልሳቀችም፤ ልጅቷ ማልቀስ ትታ ማቃሰት ብቻ ይዛለች። እናትየው በሩ ሥር ቁጭ አለችና ለራሷ ትቆጥር ጀመር፤ “በረኛው አልከፍት አለ፣ ኃላፊው አልፈርም አለ፣ ሊቀመንበሩ አልጽፍ አለ፣ ነርሷ አልሰጥ አለች፣ መዝጋቢው አልመዘግብ አለ፣ ተስኒምም…”

ይሄኔ የደርበው ሚስት፣ የዝና፣ ምሳውን በሳህን ቋጥራ፣ የአምስት ወር ልጇን አዝላ መጣች።

“ይቺ ምን ሆና ነው የምታቃስተው?”

“ካርድ የላትም” አለ ደርበው።

“የጠየቅኩህ ሌላ!” ሳህኑን እጁ ላይ ጣለችለት። ከኢክላስ ጎን አፈሩ ላይ ቁጭ አለች፤ “አምጫት እህቴ፣ የእኔው ጠግቦ ተኝቷል” ብላ ልጅቷን ተቀበለችና ጡቷን ሰጠቻት። ተስኒም መጀመሪያ አልያዘችም። ሁለተኛ አልያዘችም። በሦስተኛው ያዘች፤ እንዴት ያለ አያያዝ!

የዝና ቀና ሳትል ተናገረች።

“ደርበው።”

“አቤት።”

“ሰው ሁሉ እያየ ጡቴን የጠባች ልጅ በእኛ አገር ምን ትባላለች?”

“የጡት ልጅ።”

“የማን?”

ዱላውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። “የእኛ… የእኛ ናት እንግዲህ።”

“የዘበኛ ቤተሰብ ሲገባ ካርድ ትጠይቃለህ?”

“አልጠይቅም። ደንቡ አይልም።”

“እንግዲያው በገዛ ልጅህ ላይ በር ዝጋና እቤት ና፤ እኔም ካርድ እጠይቅሃለሁ!”

ሰልፈኛው አሁን በደርበው ሳቀ። እሱም እየሳቀ ቁልፉን አወጣ።

በረኛው ከፈተ። በረኛው ሲከፍት ኃላፊው ተመልሶ ልጅቷን ቢሮው ውስጥ አያት፤ ልጅቷ ያችው፣ ወንበሩ ብቻ ሌላ። ቀኑን አስመልሶ ፈረመ። ኃላፊው ሲፈርም ሊቀመንበሩ እንደገና በጣቱ ቆጠረና “ለካስ ተወልዳለች!” ብሎ ደብዳቤውን ጻፈ። ሊቀመንበሩ ሲጽፍ ነርሷ የልደት ወረቀቱን ሰጠች፤ መዘነቻት፣ ክትባትም ወጋቻት፣ እግዜር ይስጣት። ነርሷ ስትሰጥ መዝጋቢው ካርዱን ሳበና መዘገበ።

“የትኛዋ ናት?” አለች ኢክላስ፤ የእኛን ፊደል አታውቅም።

መዝጋቢው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። መጀመሪያ ልጅቷን አያት። ከዚያ መስመሯን በጣቱ አሳያት። “ይቺ ናት። ተስኒም።”

እናትየው ጣቷን መስመሯ ላይ አሳረፈችና ቆየች። “ቶሎ በይ” ያላት ሰው የለም። ከመጋዘኑ የወተቱን ቆርቆሮ ይዛ ስትወጣ ተስኒም ጠግባ እንቅልፍ ወስዷት ነበር፤ ሰልፈኛውም ልጅቷ እንዳትነቃ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መንገድ ለቀቀላቸው።

ተረቴ አለቀ። መልሱልኝ አልልም። ከመካከላችሁ በር የሚጠብቅ ካለ ግን፣ ለእሱ ትሁን።