ሽማግሌ የላከው ግንበኛ

«አንድ ግንበኛ ነበረ» አሉ ጋሽ አምዴ፣ ትርሲት ጥያቄዋን ገና ጨርሳ ሳትጨርስ።

ጥያቄዋ ይህ ነበር። ለየገጠሩ ጤና ጣቢያ መድኃኒት በሚያደርስ የውጭ ድርጅት ከተቀጠረች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። አለቃዋ ፈረንጅ ነው። እዚያ ቢሮ ሰው በሰው ፊት «ይሄ ተሳስቷል» ይባባላል፤ ተባብሎም አብሮ ምሳ ይወጣል። እሷ ደግሞ እሱ ያወጣውን የነሐሴውን የጉዞ ዕቅድ አይታለች። መኪኖቹ የሚሄዱበትን መንገድ ክረምት በገባ ቁጥር ወንዝ ይቆርጠዋል፤ የትውልድ አገሯ ስለሆነ ታውቀዋለች። ዕቅዱ የሚጸድቀው በነገው ስብሰባ ነው። አራት ቀን ሙሉ አልተናገረችም። ብትናገር ትልቅ ሰው በሰው ፊት ማዋረድ ሆነባት። ዝም ብትል መድኃኒቱ ወንዝ ዳር ሊቀር ነው።

«ምን ላድርግ፣ ጋሽዬ?»

ጋሽ አምዴ ሁለተኛ ደረጃ ሂሳብ አስተምረዋታል፤ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። የተቀመጡት ሜክሲኮ አካባቢ ካለች ጠባብ ጁስ ቤት ነው። ውጭ የታክሲ ረዳቶች ይጮሃሉ።

«እስከ ዛሬ ምንም አላልሽውም?»

«ብዬዋለሁ እንጂ። ዘንድሮ ክረምቱ ይበረታል ነው የሚሉት፣ አልኩት።»

«እሱስ?»

«አመሰግናለሁ፣ ጃንጥላ ገዝቻለሁ አለኝ።»

ጋሽ አምዴን ጁሱ ትን አላቸው። ሲለቃቸው አፋቸውን ጠርገው ቀጠሉ።

ግንበኛው ደገኛ ነበር። ድንጋይ ያውቃል። ሥራ ፍለጋ ወደ አንድ የባሕር ዳርቻ ከተማ ወረደ፤ በዚያም ትልቅ የእህል ጎተራ ሲሠራ ደርሶ ተቀጠረ።

በአገሩ የሰው ስህተት ፊት ለፊት አይነገርም። መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል። ከዚያ ልጆቹ፣ ከዚያ ከብቶቹ። ነገሩ በጎን ይነካል። ሰውየው ካልገባው ሌላ ቀን በሌላ ጎን ይነካል። ባለቤቱ ራሱ ደርሶበት «ለካስ ተሳስቻለሁ» እስኪል ይጠበቃል። የተሳሳተው አለቃ ከሆነማ ሽማግሌ ይላካል።

በባሕሩ አገር እንዲህ አልነበረም። በመጀመሪያው ቀን አንድ ጎልማሳ ግንበኛ ከወዲያ ጫፍ «ጭቃህ ቀጥኗል!» ብሎ ጮኸበት። ሠላሳ ሰው ሰማ። ደገኛው ፊቱ ጋለ፤ ዕቃውን ሰብስቦ ሊሄድም ቃጣው። በምሳ ሰዓት ያው ሰውዬ አጠገቡ መጥቶ ተቀመጠና ከዳቦው ግማሹን ቆርሶ ሰጠው። ደገኛው ዳቦውን ይዞ ቆየ። የሰደበኝ ሰው ለምን ያበላኛል?

ሰኞ ዕለት ግድግዳው ሲዘም አየ።

ሌላ ማንም አላየም። አለቃው ራሱ የገነባው ግድግዳ ነው፤ ወደ ውጭ ሁለት ጣት ያህል አዘንብሏል። ሠራተኞቹ ምሳቸውን የሚበሉት ደግሞ ከዚያው ግድግዳ ጥላ ሥር ነው።

ደገኛው ምን አደረገ? ምሳውን ይዞ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ።

«ና ወደ ጥላው» አሉት።

«ፀሐይ ይስማማኛል» አለ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ። ይገባቸዋል ብሎ ነው። ደገኞች ፀሐይ ይወዳሉ ተባባሉና መብላታቸውን ቀጠሉ።

ማክሰኞ አለቃውን ተጠግቶ የአጎቱን ታሪክ አወራው። አጎቱ በረት ሠርተው ነበር፤ በረቱ ዘሞ ወደቀ፤ አንዲት ጊደርም ሞተች። አለቃው ከልቡ አዘነ። «ጥሩ ጊደር ነበረች?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ወጥቶ በዘመመው ግድግዳ ላይ ሌላ ረድፍ ድንጋይ ደረደረ።

ረቡዕ ደገኛው ሽማግሌ ፍለጋ ከተማውን ዞረ። ዘመድ የለውም፤ ፀጉራቸው የሸበተ ሦስት ሰዎች ለመነ። አንዱ መረብ ጠጋኝ፣ አንዱ ፀጉር አስተካካይ፣ አንዱ መርከብ የተወ መርከበኛ። በአገራቸው እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ግን ሰውየው ሊያለቅስ ደርሶ ስለነበር እሺ አሉት። ደንቡን አስጠናቸው።

«ተቀመጡ ቢላችሁ እንዳትቀመጡ። ጉዳያችን ሲሰማ እንቀመጣለን በሉ።»

«እኔ ጉልበቴን ያመኛል እኮ» አለ መረብ ጠጋኙ።

«ቢሆንም።»

ሐሙስ ቀትር ላይ ሦስቱ በተርታ መጥተው ከአለቃው ፊት ቆሙ። አለቃው እጁ ጭቃ እንደሆነ ወጣ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«መርከብ ሰጠመ?»

«አልሰጠመም።»

«እንግዲያው ተቀመጡ።»

«አንቀመጥም» አለ መርከበኛው በኩራት።

ፀጉር አስተካካዩ ጉሮሮውን ጠረገ። «በመጀመሪያ ጤናዎ እንደምን ነው?»

«ጤናዬ ደህና ነው። ምንድን ነው ነገሩ?»

«ቤተሰብዎስ?»

«ደህና ናቸው። ነገሩን!»

«ከብቶችዎስ?»

«እኔ ከብት የለኝም!»

ደገኛው ከላይ፣ ከመሰላሉ ላይ ሆኖ ያያል። ልክ ነው፤ በደንብ ይዘውታል። አሁን ቀስ ብለው ወደ ጉዳዩ ይገባሉ። በዚህ ጊዜ የምሳ ደወል ተደወለ። ሠራተኞቹ መዶሻቸውን ጣሉ። ዳቦ የምትሸጠው ሴትዮ ከሁሉም ቀድማ መጣችና ቅርጫቷን አውርዳ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀመጠች። ሌሎቹም እየመጡ ነው። ከረድፎቹ መካከል ትንሽ ጭቃ ተሰነጠቀና ረገፈ።

ፀጉር አስተካካዩ ገና ስለ ዝናቡ ሊጠይቅ ነው።

ደገኛው አፉን ከፈተ። «ጌታዬ፣ ግድግዳዎ ዘሟል! ሴትዮ፣ ተነሺ! ሁላችሁም ውጡ ከዚያ!»

ሠላሳ ሰው ሰማ። ደገኛው በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። ለአለቃ፣ ከመሰላል ላይ፣ በጩኸት። እናቱ ብትሰማ ምን ትል ነበር።

ጣቶቹን ከፍቶ ሲያይ ሴትዮዋ ቅርጫቷን አንሥታ ርቃለች። ጥላው ሥር ማንም የለም። አለቃው በሌላ መሰላል ወጥቶ ቱምቢውን፣ ክር ላይ የታሰረውን ብረት፣ ከግድግዳው ጫፍ አውርዷል። ክሩ ቀጥ ብሎ ወረደ፤ ከታች ከመሠረቱ አራት ጣት ርቆ ቆመ።

«እውነት ነው» አለ አለቃው። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «መቼ አየኸው?»

«ሰኞ።»

«ሰኞ! ዛሬ ሐሙስ ነው። እነዚህስ ሰዎች?»

«እነሱ... ይነግሩልኛል ብዬ ነው።»

አለቃው ሽማግሌዎቹን አየ። ሽማግሌዎቹ አሁንም አልተቀመጡም። መረብ ጠጋኙ ጉልበቱን ይዟል። አለቃው ድንጋይ ላይ ዘፍ ብሎ እስኪያነባ ሳቀ። ሠራተኞቹ ተቀበሉት። ደገኛው መጀመሪያ በእሱ የሳቁ መስሎት ነበር፤ ኋላ ሳቁ እሱንም ያዘው።

«ሰኞ ብትነግረኝ ሁለት ረድፍ ነበር የማፈርሰው» አለ አለቃው። «አሁን ስምንት አፈርሳለሁ። ና፣ መዶሻ ያዝ።»

ሁሉም ተረባርበው አፈረሱት። መርከበኛው ካልሠራሁ አለ። ፀጉር አስተካካዩ ካፖርቱን አውልቆ ድንጋይ ተቀበለ። ዳቦውን ዘግይተው፣ አመሻሽ ላይ፣ ነፋሱን እያገኙ በሉ። በማግሥቱ አለቃው ቱምቢውን ለደገኛው ሰጠው።

ከዚያ ወዲህ ደገኛው ይጮሃል። ግን ጤና ሳይጠይቅ መጮህ እስከ መጨረሻው አልሆነለትም። «ጤና ይስጥልኝ፣ ድንጋይህ ጠማማ ነው!» ይላል በአንድ ትንፋሽ። የባሕር ሰዎችም ወደዱለት። ጎተራው እስኪያልቅ ድረስ ከጫፍ እስከ ጫፍ በየሰዓቱ ጤና ይስጥልኝ ሲባል ይሰማ ነበር።

ጋሽ አምዴ ብርጭቋቸውን ገፋ አድርገው ወደ ትርሲት ዞሩ።

«ልጄ፣ ግንበኛው አንቺ ነሽ። ሰው አይፈር ብለሽ ነው ዝም ያልሽው፤ ደግነት ነው፣ አትጣዪው። ግን ያ ሰውዬ በዘመመ ግድግዳ ሥር ተቀምጦ ምሳውን እየበላ ነው። አንቺ ፀሐይ ላይ ሆነሽ ይገባዋል ትያለሽ። እሱ ባደገበት አገር ስህተቱን በፊቱ የነገሩት ሰው አልተዋረደም። የተዋረደው፣ እያወቁ የተዉት ነው። እሱን ማክበር ከፈለግሽ እሱ ክብር በሚለው አክብሪው።»

ትርሲት ስልኳን አወጣች።

«ስብሰባው ነገ አይደለም እንዴ?»

«ዛሬም ሐሙስ ነው» አለችና ደወለች።

አለቃዋ አነሣ። እንደምን ዋልክ አለችው፣ ቤተሰቡን ጠየቀችው፣ ከዚያ ትንፋሿን ሳትመልስ መንገዱ በነሐሴ እንደማይታለፍ፣ ወንዙ የት ላይ እንደሚቆርጠው፣ በየት በኩል ዞሮ መሄድ እንደሚቻል ነገረችው። ድምፅዋ ከረዳቶቹ ጩኸት በላይ ወጣ። አስተናጋጁ ዞሮ አያት። ከዚያ ረጅም ጊዜ አዳመጠች።

ስልኩን በመዳፏ ሸፈነች።

«ምን አለ?» አሉ ጋሽ አምዴ።

«እግዜር ይስጥሽ ዓይነት ነገር አለኝ። ሌላም ስህተት አይተሻል ወይ ይላል።»

«አይተሻል?»

«ሰባት።»

«በይ ጀምሪ» አሉ ጋሽ አምዴ፣ ወንበራቸውንም አመቻችተው ተቀመጡ።