ከጋቢው ሥር የተነገረ

አንድ ወጌሻ ነበረ። የአንድ ገበሬ የተሰበረ ክንድ ይዞ እየጎተተ ነው፤ ገበሬው ፊቱን በጋቢ ተሸፍኖ ያቃስታል።

የወጌሻው ልማድ ነው። ሰው ስብራቱን እንዳያይ ጋቢ ያለብሰዋል። ያ ጋቢ ስብራት ከሚያሽበት ቅቤ የተነሳ ቅቤ ቅቤ ይሸት ነበር። ከሥሩ ስንቱ ተነገረ። ምራት አማቷን ትረግማለች፤ ባል የደበቀውን ያወጣል። አንድ ጊዜ አገር የሚፈራው ጎበዝ «ወይኔ እናቴ» ብሎ አለቀሰ። ደጅ፣ ከዋንዛው ጥላ ተራ የሚጠብቁት ሳቁ። ወጌሻው ብቅ ብሎ «እኔ ነኝ የጮኽኩት» አላቸው። እንዲህ ያለ ሰው ነበረ። ያን ጊዜ ክንድ በሸምበቆ ይታሰር ነበር፤ ቃልም አብሮት ይታሰር ነበር።

ገበሬው ከጋቢው ሥር ሆኖ፣ ወሰኔን የገፋውን የወንዝ ማዶ ሰው እገድለዋለሁ አለ። ወጌሻው ክንዱን መጎተቱን ቀጠለ። ሕመም ያናገረውን ወጌሻ አይቆጥረውም።

ገበሬው ሰንብቶ ማሰሪያውን ሊያስቀይር መጣ። አጥንቱ መግጠም ጀምሯል፣ ሕመሙ ቀርቷል፣ ጋቢም አልለበሰም። ስለ ዝናቡ አወራ፣ ስለ በሬው አወራ። ከዚያ ድምፁን ሳይለውጥ፣ «ይቺ ክንዴ ስትፈታ ሾላው ሥር እጠብቀዋለሁ፤ ወደ ወፍጮ ሲወርድ» አለ።

የወጌሻው እጅ ቆመ። አጣምሞ ቢያስረው ያ ክንድ ዱላ አያነሳም ነበር። እጁ ግን አጣምሞ ማሰር አያውቅም። አቅንቶ አሰረው። እንዲተወውም ለመነው፤ ገበሬው ፈገግ ብሎ ሄደ።

በማግሥቱ ወጌሻው ወንዙን ተሻገረ። ያንን ሰው አጥር ሲያጥር አገኘው።

«ቃል እስክልክልህ በሾላው መንገድ አትሂድ» አለው።

«ምነው አያ፣ ጅብ ገባበት?»

«መንገዱን ነው የነገርኩህ።»

ሰውየው ፊቱን አየና መጥረቢያውን አስቀመጠ።

ወጌሻው ሲመለስ በቀጥታ ገበሬው ቤት ገባ። ሰውየውን ከመንገድ እንዳነሳው፣ የማንንም ስም እንዳልጠራ፣ የቀረው ሁሉ ከጋቢው ሥር እንዳለ ነገረው።

«እንግዲህ ማን ጋቢህ ሥር ይገባልሃል?» አለ ገበሬው። «ራስህ ልበሰውና ተኛበት።»

ነገሩ ተወራ። የዋንዛው ጥላ ባዶውን ይውል ጀመር። ወጌሻው ቅቤውን እያየ ይቀመጣል።

ክንዱ የሚፈታበት ቀን ደረሰ። ገበሬው ብቻውን መጣ። ወጌሻው ማሰሪያውን ሊቆርጥ ቢላውን አነሳ። ገበሬው ግን ጋቢውን ከግድግዳው አውርዶ ፊቱን ሸፈነ፤ ክንዱን ዘረጋ።

ልጄ፣ አንቺም የሰው ልብ ወጌሻ ነሽ፤ የተጨነቀ ሰው የልቡን ይነግርሻል። ታማሚዬ ሰው ሊገድል ማሰቡን ቢነግረኝ ልደብቅለት ወይስ ያኛውን ላስጠንቅቅ ብለሽ ጠየቅሽኝ። ሕመም ያናገረውን ቃልና ሕመም የሌለበትን ቃል ለዪ። ጋቢውን አትግፈፊ፤ ሰውየውን ግን ከመንገድ አንሺ። መሄድሽንም ከታማሚሽ አትደብቂ። ጥላሽ ባዶ ይውል ይሆናል፤ ይዋል። ጋቢው ስብራት ይሸፍናል፤ ሬሳ አይሸፍንም።

ያ ዋንዛ ዛሬ ተቆርጧል። ወጌሻውም አልፏል። እስኪሞት ድረስ ያን ቀን የሆነውን ለማንም አልተናገረም። ያወራልን ገበሬው ራሱ ነው፤ ሸምግሎ፣ ክንዱን እያሻሸ። ከጋቢው ሥር ሆኖ ለወጌሻው ያለው ይህን ነበር፦

«አትፍታው። አጥብቀህ እሰረው።»